የደጃችሁ መሬት ውኃ ይጠጣል ወይስ ይተፋል?



በነሐሴ ወር በደብረ ታቦር ከተማ ማታ ከመሥሪያ ቤቱ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ሁለቱም እጆቹ ሥራ አይፈቱም። አንደኛው ጃንጥላ ይይዛል፤ ሁለተኛው የሱሪውን እግር ይሰበስባል። ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየዘለለ ከግቢው በር ሲደርስ፣ የቀረችው የአሥር ሜትር ጭቃ ከመጣበት መንገድ ሁሉ ይልቅ ትመረዋለች። «ምነው ይህችን ከበር እስከ በረንዳ ያለችውን እንኳ ሲሚንቶ ባለበስኋት!» እያለ ይገባል።

ይህ ምኞት የሚያስወቅስ አይደለም። ከጥቂት ደመወዙ ከወር ወር እየቆጠበ፣ ከማኅበር ጓደኞቹ ጋር ቦታ አግኝቶ፣ ቆርቆሮውን አልብሶ ግድግዳውን ያስለሰነ የመንግሥት ሠራተኛ ለራሱ የሚፈቅደው የመጀመሪያው ምቾት ደጁን ማስተካከል ነው። ገና በኪራይ ክፍል የሚኖረው ተማሪም የወደፊት ቤቱን ሲያስብ አብሮ የሚታየው ልስልስ ያለ ሊሾ ደጅ ነው። ሲሚንቶ ንጽሕና ነው፤ ሲሚንቶ ሥልጣኔ ነው፤ ሲሚንቶ «እኔም ሰው ሆንሁ» ማለት ነው። እኔም እንደዚሁ አስቤ ነበር። በማሰቤ ያገኘኝን አስቀድሜ ላውጋችሁ፤ ከዚያም ስለ ደጅ ንጣፍ አመራረጥ የተማርሁትን በተራ አቀርባለሁ።

ቤቴ እንደ ብዙው የከተማችን ቤት በተዳፋት ላይ የተሠራ ነው። ከበላዬ ጎረቤት አለ፤ ከበታቼ ደግሞ ልጆቻቸውን አሳድገው ብቻቸውን የቀሩ አንዲት እናት አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ «እማማ» ይላቸዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በግንቦት ወር፣ ከበሬ እስከ በረንዳዬ አሥር ሜትር ርዝመትና አራት ሜትር ወርድ ያለውን ደጅ ሲሚንቶ አስለበስሁት። ግንበኛው ውኃ እንዳይተኛበት ወደ በሩ በኩል ጥቂት አዘነበለው። የሰኔ ዝናብ ሲመጣ በረንዳዬ ላይ ቆሜ፣ ውኃው በመስተዋት ላይ እንደሚሄድ ሁሉ እየተንሸራተተ ከበሩ ሥር ሲወጣ እያየሁ ተደሰትሁ። ጭቃ የለም፤ ኩሬም የለም። ውኃው ከበሩ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ግን አልጠየቅሁም።

በሐምሌ አጋማሽ አንድ ጧት እማማ በሬን አንኳኩ። የቤታቸው የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ ተቦርቡሯል፤ ከመደቡ ሥር ያስቀመጡት የዘር ድንችም ውኃ ገብቶበት በስብሷል። እኔም የመሥሪያ ቤት አነጋገር ስለ ለመደብኝ፣ «እማማ፣ ዝናብ እኮ ለሁሉም ይዘንባል፤ ዘንድሮ ክረምቱ በረታ» ብዬ መለስሁላቸው። እሳቸው ግን ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ልጄ፣ ዝናቡን ያዘነበው እግዜር ነው፤ እሱን አልከስም። ጎርፉን የላክኸው ግን አንተ ነህ» ብለውኝ ሄዱ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁና ውኃውን ከበረንዳዬ ጀምሬ ተከተልሁት። ከቆርቆሮው ወረደ፤ በሲሚንቶው ላይ ሮጠ፤ ከበሬ ወጥቶ መንገዱን አቋረጠ፤ ከዚያም ምንም ሳይሳሳት በእማማ አጥር ሥር ገባ። እማማ አልዋሹም። ውኃው የእኔ ነበር።

እንግዲህ ወደ ሒሳቡ እንግባ። የዝናብ ሒሳብ ለመማር የሚከብድ አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። የእኔ ደጅ 40 ካሬ ሜትር ነው፤ ቆርቆሮዬ ደግሞ 80 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። አንድ ብርቱ የከሰዓት በኋላ ዝናብ 20 ሚሊ ሜትር ቢያወርድ፣ ከደጁ 800፣ ከቆርቆሮው 1,600፣ በድምሩ 2,400 ሊትር ይሆናል። ይህም ባለ 200 ሊትር በርሜል 12 ይሞላል። ጎረቤታችሁ 12 በርሜል ውኃ በአጥራችሁ ላይ ቢደፋባችሁ ምን ትሉ ነበር? ጉዳዩ ሽማግሌ ዘንድ ይደርስ ነበር። ያው ውኃ በዝናብ ስም ሲመጣ ግን የሚጠይቅ የለም።

በደብረ ታቦር በዓመት የሚዘንበው 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኛውም የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። በዚህ ሒሳብ በ40 ካሬ ሜትር ደጅ ላይ ብቻ በዓመት 60,000 ሊትር ያርፋል። ሣር የለበሰ ደኅና አፈር ከዚህ የሚበልጠውን ክፍል ወደ ውስጥ ይስባል፤ ሲሚንቶ ግን ከመቶው ዘጠና ያህሉን እንዳለ ያሳልፋል። ያውም አፍጥኖ ነው። የውኃ ጉዳት ከብዛቱ ብቻ አይመጣም፤ ከፍጥነቱም ይመጣል። በሦስት ሰዓት የሚደርሰው ውኃ አፈር ያርሳል፤ በአሥር ደቂቃ የሚደርሰው ያው ውኃ አፈር ይቆርሳል።

የእማማ አጥርም የመጨረሻው ጣቢያ አይደለም። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጉና ተራራ የሚነሡት ርብና ጉማራ የደጋውን ውኃ ሰብስበው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ጣና ያለበት ከፍታ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከእኛ ዘንድ የሚወጣ ውኃ 900 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል፤ በመጨረሻም የሚያገኘው ሜዳውን ፎገራን ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ ወንዞቹ ከአፋቸው ሞልተው የፎገራንና የሊቦ ከምከምን ሜዳ ማጥለቅለቃቸውን፣ ብዙ ሕዝብም ቤቱን ጥሎ መውጣቱን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ያ ጎርፍ የከተማ ደጅ ብቻውን ያመጣው አይደለም፤ እንደዚያ ብል እዋሻለሁ። የተራቆተው ተራራና የታረሰው ተዳፋት ድርሻቸው እጅግ ይበልጣል። ነገር ግን ገበሬው በየበጋው ወጥቶ እርከን ሲሠራ፣ የተማረው የከተማ ሰው ደጁን በሲሚንቶ አልስኖ ውኃውን ቁልቁል ቢሰድበት ነገሩ ያሳፍራል።

ታዲያ መፍትሔው ወደ ጭቃው መመለስ ነውን? አይደለም። መፍትሔው እግርን ከጭቃ የሚያድን፣ ውኃንም ወደ መሬት የሚያስገባ ንጣፍ መምረጥ ነው። እንዲህ ያለው ንጣፍ የሚሠራበት ምሥጢር አንድ ነው፤ እሱን ከያዛችሁ ሌላው ቀላል ነው። ውኃ የሚጠጣው ድንጋዩ አይደለም፤ በድንጋዩና በድንጋዩ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ነው። ጥቁሩ የአገራችን ድንጋይ ራሱ ውኃ አያስገባም። መጋጠሚያው ክፍት ከሆነ፣ ከሥሩም ውኃ የሚያድርበት የጠጠር አልጋ ካለ፣ ውኃው ይወርዳል፤ በአልጋው ውስጥ ያርፋል፤ ቀስ ብሎም ወደ አፈሩ ይሰርጋል። መጋጠሚያውን በሲሚንቶ ብትደፍኑት ግን ድንጋይ አነጠፋችሁ እንጂ ያው ሊሾ ሠራችሁ ማለት ነው።

አሁን ምርጫዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው ሣር ነው። መኪና ለማይገባበት፣ ሰው ብቻ ለሚመላለስበት ግቢ ሰርዶ ከሁሉ ርካሹ ነው። እግር አዘውትሮ በሚረግጥበት መስመር ብቻ ሰፋፊ ጠፍጣፋ ድንጋዮች በአንድ እርምጃ ልክ እያራራቃችሁ ብታስቀምጡ፣ ጫማችሁ ይድናል፤ መሬቱም ውኃውን ይጠጣል። ገንዘብ የሌለው አዲስ ሠራተኛ ከዚህ ቢጀምር አይጸጸትም።

ሁለተኛው ጠጠር ነው። መሬቱን ጥቂት ቆፍሮ፣ ዳርና ዳሩን በድንጋይ ገድቦ፣ ንጹሕ የተፈጨ ጠጠር መሙላት ነው። ውኃን በማስገባት የሚተካከለው የለም። ጉድለቱ ሁለት ነው። በተዳፋት ላይ ጎማና ጎርፍ ቁልቁል ይገፉታል፤ አፈር ከተቀላቀለበት ደግሞ ይደድራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ገረጋንቲን እንደ ጠጠር በመቍጠሩ ነው። ገረጋንቲ አፈር ያለበት ስለሆነ ሲጠቀጠቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ለመንገድ የተመረጠውም ለዚሁ ነው። ለውኃ ማስገቢያ ግን አይሆንም።

ሦስተኛው ሁለት መስመር ብቻ ማንጠፍ ነው። መኪና የሚገባበት ግቢ ሁሉ መነጠፍ የለበትም፤ ጎማ የሚረግጠው ሁለት መስመር ነውና። እያንዳንዱን መስመር ሃምሳ ወይም ስድሳ ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ በድንጋይ ብታነጥፉ፣ መካከሉንና ዳሩን ለሣር ብትተዉት፣ የንጣፉ ወጪ ከግማሽ በታች ይወርዳል። በሲሚንቶ ቢሠሩ እንኳ የተዘጋው መሬት ጥቂት ስለሆነ ጉዳቱ አነስተኛ ነው።

አራተኛው ኮብልስቶን ነው፤ በአማርኛችን ጥርብ ድንጋይ። ከተማችን ከድንጋይ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትንና 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ክረምቱ ካለፈ በኋላ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ መንገዱን እያስጠረጉ፣ ራሳቸውም ከሰው ጋር ድንጋይ እያነሡ ነበር የሄዱት። በእኛ ዘመን ደግሞ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ግድም በጀርመን የቴክኒክ ድጋፍ እንደ አዳማ ባሉ ከተሞች የተጀመረው የኮብልስቶን ሥራ ወደየከተማው ተስፋፋ። የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ሳይቀሩ ድንጋይ ጠረባ መሰማራታቸው ምን ያህል እንዳከራከረ አትዘነጉትም። ክርክሩን ለጊዜው እንተወውና፣ ሥራው ለአገሩ ብዙ ጠራቢና አንጣፊ ማስተማሩ አይካድም። ይህ ሙያ ዛሬ ለቤታችሁ ደጅም ይጠቅማል።

ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የከተማ መንገድ ከባድ መኪና ስለሚሸከም ከሥሩ በደንብ ተጠቅጥቆ ይሠራል፤ ስለዚህ ውኃ የሚያስገባው በጥቂቱ ነው። አንጣፊውን «እንደ መንገዱ አድርገህ ሥራልኝ» ካላችሁት እንደ መንገዱ ይሠራላችኋል፤ ውኃውም እንደ መንገዱ ይፈሳል። ልዩነቱን አስቀድማችሁ ልትነግሩት ይገባል። አሠራሩን ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

አምስተኛው ቀዳዳ ያለው የሲሚንቶ ብሎክ ነው። በቅርጽ ተሠርቶ ቀዳዳው በአፈርና በሣር ወይም በጠጠር ይሞላል። ብሎኬት የሚያመርቱ ሰዎች ቅርጹን ካገኙ ሊሠሩት ይችላሉ፤ መኪና ለሚቆምበት ቦታም መልካም ነው።

ስድስተኛው አሸዋ ሳይገባበት በጠጠርና በሲሚንቶ ብቻ የሚቦካ ኮንክሪት ነው። በጠጠሮቹ መካከል ቀዳዳ ስለሚቀር ውኃ ያሳልፋል። በአሜሪካ ደግሞ ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ውኃ የሚያሳልፍ አስፋልት ሲሞከር ቆይቷል፤ ቻይናም ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ከተሞቿን ዝናብ እንዲመጥጡ አድርጎ የመሥራትን ዕቅድ «ስፖንጅ ከተማ» ብላ ይዛዋለች። ይህን የማነሣው «ውኃ የሚያስገባ ደጅ የድኻ ደጅ ነው» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ መልስ እንዳታጡ ነው። ለእኛ ሰፈር ግን ይህን ኮንክሪት አልመርጥም። ቅልቅሉ ጠንቃቃ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ከውጭ ጭቃ ይዞ የሚገባ ጎማና ጫማም ቀዳዳውን ቶሎ ይደፍነዋል። ጥርብ ድንጋይ ቢደፈን መጋጠሚያው ይጠረጋል፤ ኮንክሪት ከተደፈነ ግን ማጽዳቱ መከራ ነው።

ከመምረጣችሁ በፊት አፈራችሁን ጠይቁት። አፈር አይዋሽም። ጥልቀቱ 40 ሴንቲ ሜትር፣ አፉ የባልዲ አፍ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍሩ። ውኃ ሙሉበትና እስኪሰርግ ጠብቁ፤ ይህ አፈሩን ለማርጠብ ነው። እንደገና ሙሉበት፤ እንጨት አቁማችሁ የውኃውን ልክ ምልክት አድርጉ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ምን ያህል እንደ ወረደ ለኩ። ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩልና ከዚያ በላይ ከወረደ ደስ ይበላችሁ፤ ብዙው ቀይ አፈር ካልተጠቀጠቀ እንዲህ ነው። ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ግን ያላችሁት ዋልካ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ያብጣል፤ ውኃም እንቢ ይላል። በዋልካ ላይ የጠጠሩ አልጋ ውኃውን ለጥቂት ሰዓታት ይዞ ያዘገየዋል እንጂ ሁሉን አያሰርገውም፤ ስለዚህ ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ዘርግታችሁ ትርፉን በቀስታ ወደ ሕጋዊው የጎርፍ መውረጃ ማውጣት ግድ ነው።

ቀጥሎ ተዳፋቱን ለኩ። ውኃ የሞላ ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ለዚህ ይበቃል፤ በሁለቱ ጫፍ ያለው ውኃ ሁልጊዜ እኩል ይቆማልና። በአሥር ሜትር ርዝመት ውስጥ መሬቱ ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ የሚወርድ ከሆነ፣ ውኃው በአልጋው ውስጥ ሾልኮ ቁልቁል ይሄድና ከታች ይፈነዳል። መድኃኒቱ ገበሬው የሚያውቀው ነው፤ እርከን። ጉድጓዱን እንደ ደረጃ እየቆረጣችሁ፣ በየሁለት ወይም በየሦስት ሜትሩ ከሥር የድንጋይ ግድብ አድርጉለት። ላዩ አንድ ወጥ ሆኖ ይታያል፤ ውስጡ ግን እርከን ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩ። የጉድጓዱን ወለል አትጠቅጥቁት፤ ከተጠቀጠቀ አፉን ይዘጋል። ግንበኞች ሃርድኮር የሚሉትን፣ አፈር የሌለበት ንጹሕ ድንጋይ 24 ሴንቲ ሜትር ያህል አልብሱት፤ ለቤት ወለል እንደሚያደርጉት ግን መካከሉን በአፈር እንዳይሞሉባችሁ ተቈጣጠሩ። በላዩ ደቀቅ ያለ ጠጠር፣ ከዚያም ይበልጥ የደቀቀ ጠጠር በጥቂት ሴንቲ ሜትር አስተካክሉ። አሸዋ በቀጥታ በትልቁ ድንጋይ ላይ ብታደርጉ በመጀመሪያው ክረምት ታጥቦ ይገባና ንጣፉ ይሰምጣል። ዳርና ዳሩን በረድፍ ድንጋይ አጽኑ፤ ዳር የሌለው ንጣፍ አጥር እንደሌለው እርሻ ነው። ጥርቡን ድንጋይ ደርድሩ፤ መጋጠሚያውን አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ተዉለትና በደቃቅ ጠጠር ሙሉት።

ይህ አልጋ ምን ያህል ውኃ ይይዛል? በሸካራ ድንጋይ ክምር ውስጥ ከሦስት እጅ አንዱ ባዶ ነው ብለን ብንገምት፣ 24 ሴንቲ ሜትር አልጋ 8 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 80 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይይዛል። በ40 ካሬ ሜትር ደጅ 3,200 ሊትር ማለት ነው። ቀደም ብለን ያሰብነው የ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ አራት ጊዜ ቢደጋገም እንኳ የደጁን ድርሻ ይችላል። አፈሩ በሰዓት ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚጠጣ ከሆነ የሞላው አልጋ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ውስጥ ይጎድላል።

የጥንቃቄ ቃል ልጨምር። ውኃ የሚገባበት ንጣፍ ከቤት መሠረት ሦስት ሜትር ያህል ይራቅ፤ ቅርብ ያለው መሬት ከቤቱ ወደ ውጭ ያዘንብል። በግድግዳ ሥር ጠበብ ያለ ሲሚንቶ ማድረግ እዚህ ትክክል ነው፤ ልብስ የሚታጠብበትና ዕቃ የሚጠራበት ቦታም እንደዚሁ፤ የሳሙናና የዘይት ውኃ ወደ ጠጠሩ መግባት የለበትምና። የመጸዳጃ ጉድጓድ ባለበት አጠገብ ውኃ አታስርጉ። የአሸንዳውንም ውኃ በሙሉ በደጁ ላይ አትልቀቁት፤ የእኔን ሒሳብ ካስታወሳችሁ የቆርቆሮው ድርሻ ከደጁ እጥፍ ነው። በርሜል ወይም ታንከር አስቀምጡለት፤ ለልብስና ለአትክልት ይሆናችኋል፤ ትርፉን ብቻ ወደ ጓሮ መልሱት።

እንክብካቤውም ቀላል ነው፤ ካልተደረገ ግን ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ ደጁን ጥረጉ፤ በመጋጠሚያው ላይ የተጋገረውን አፈር ፋቁና አዲስ ደቃቅ ጠጠር ጨምሩ። አመድና የጥራጊ አፈር አትድፉበት። ከላይ ካለው መንገድ ደለል የሚመጣባችሁ ከሆነ በበሩ አጠገብ ትንሽ ጉድጓድ ቆፍሩለት፤ ደለሉ እዚያ ይቅር፤ እናንተም በየሳምንቱ በአካፋ አውጡት።

«እኔ ተከራይ ነኝ፤ ይህ ምን ይመለከተኛል?» የሚል ተማሪ ይኖራል። የአፈሩን ፈተና አንድ ባልዲ ውኃና አንድ ሰዓት ይበቃዋል፤ ውጤቱን ለቤቱ ባለቤት ማስረዳት ደግሞ ትምህርትህን ከደብተር ማውጣት ነው። «አንድ ደጅ ምን ይለውጣል?» የሚል ሠራተኛም ይኖራል። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ የሚያሳስቀን አንዱ ደጅ ነው፤ የሚወስደን ግን የመቶው ደጅ ድምር ነው። በማኅበር ቤት የምትሠሩ ሰዎች ግንባታ ሳይጀመር በአንድ ስብሰባ ብትስማሙ፣ መቶው ደጅ በአንድ ጊዜ ውኃ ጠጪ ሊሆን ይችላል። ከመካከላችሁ አንዳንዶቻችሁም ነገ የከተማ ፕላን የምትፈርሙና የመንገድ ሥራ የምትረከቡ ናችሁ። ያን ጊዜ ወረቀቱ ላይ «ውኃው ወደ ውጭ ይወጣል» የሚል ቃል ስታዩ፣ «ውጭ ማን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የእኔ ነገር እንዴት አለቀ? በሚቀጥለው በጋ ሲሚንቶዬን አስፈነቀልሁት። ሁለት ጊዜ ከፈልሁ ማለት ነው፤ አንድ ጊዜ ለስሕተቱ፣ አንድ ጊዜ ለማረሚያው። ደመወዜ ስላልቻለ ያነጠፍሁት ሁለት መስመር ጥርብ ድንጋይ ብቻ ነው፤ ቀሪው ሰርዶ ሆነ። በዘር ድንቹም ፈንታ ከገበያ አንድ ከረጢት ገዝቼ ለእማማ ወሰድሁ፤ ግድግዳቸውንም ከሰፈሩ ልጆች ጋር ሆነን ጭቃ ለጠፍንለት።

ከዚያ በኋላ በመጣው ክረምት፣ የደብረ ታቦር በዓል በሚውልበት በነሐሴ 13 ዋዜማ፣ ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በዝናብ ውስጥ ከበር በር ይሄዱ ነበር። እኔም ልማዴ ሆኖ በሬ ላይ ቆሜ የሚወጣውን ውኃ እመለከታለሁ። የሚወጣው ቀጭን ክር የምታህል ነበረች። እማማ ከታች አዩኝና ለአንዱ ልጅ ሙልሙል አስይዘው ላኩልኝ። ልጁ ዳቦውን እያቀበለኝ፣ «እማማ ዘንድሮ ዝናቡ ብቻ ነው የመጣው በልልኝ ብለዋል» አለኝ።

ደኅና ሰንብቱ።